በሩን አውልቄ ዓይኔን ጣልኩት!

በር ለሌለው ጂፕ የትኛው ስፖኪዮ ይሻላል? ከደረሰብኝ ልንገራችሁ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር አይደለም። ስለ ቁንጅና አጠባበቅም አይደለም። ስለ ስፖኪዮ ነው። አዎ፣ ስለ መኪና ስፖኪዮ! «ደግሞ የስፖኪዮ ምን ወሬ አለው?» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ስትሉ አየኋችሁ። ቆዩማ! አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው የስፖኪዮን ዋጋ የሚያውቀው አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ ከቦታው ሲያጣው ነው። ሌባ ነቅሎት ሄዷል። እኔ ግን የማወራችሁ ሌባ ስለወሰደው አይደለም። በገዛ እጄ፣ በገዛ መፍቻዬ ፈትቼ ጋራዥ ውስጥ ስለቆለፍኩት ነው። ሌባው እኔው ነበርኩ ማለት ነው!

ነገሩ የሆነው እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ2023 ሰመር ላይ፣ እናንተ ዘንድ ክረምቱ ዝናቡን በሚያወርድበት፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰሞን ነበር።

እኔና ጂፔ

የምሠራው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሳወጣ ሳስገባ ዓመታት አለፉ። ታዲያ አንድ ቀን «እኔስ መቼ ነው የራሴን የማቆመው?» አልኩና ሁለት ፈረቃ እየሠራሁ፣ ምሳዬን ከቤት እየቋጠርኩ፣ የ2012 ሞዴል ጂፕ ራንግለር ገዛሁ። አባቶቻችን ከፍ ያለ መኪና ሁሉ «ጂፕ» ነው የሚሉት። ይኼኛው ግን ስሙን ከነዘሩ የያዘው ነው። አያቱ እ.ኤ.አ. በ1941 ለጦር ሜዳ ተብሎ መመረት የጀመረው፣ ያኔውኑ በር ያልነበረው ጂፕ ነው።

የልጅ ልጁ በር አለው። ግን በሩ ይወልቃል። እዚህ አገር ሰመር ሲመጣ የራንግለር ባለቤት ሁሉ በር ማውለቅ ይጀምረዋል። ሥራው ቀላል ነው። መጀመሪያ መስኮቱን ታወርዳላችሁ። ከዳሽቦርዱ ሥር ወደ በሩ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ሶኬት ትነቅላላችሁ። በሩ ወደ ውጭ እንዳይበረገድ የሚይዘውን ቀበቶ ትፈታላችሁ። ከዚያ ከላይና ከታች ባሉት ማጠፊያዎች ላይ ያሉትን ሁለት ቡሎኖች ባለኮከብ ራስ በሆነ መፍቻ (ቁጥሩ 50 ነው) ትፈቱና በሩን ወደ ላይ ብድግ! አለቀ። የለመደ ሰው አንዱን በር ቡና እስኪፈላ ያወልቀዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የራንግለር ስፖኪዮ የተሰካው በሩ ላይ ነው። በሩ ሲሄድ ስፖኪዮውም አብሮ ይሄዳል። ከመኪናው ጋር የሚሰጠው መጽሐፍ እንኳ «በር የማውለቅ ነገር ከመንገድ ውጭ ለመንዳት ነው፤ በሕዝብ መንገድ ላይ በር አውልቃችሁ አትንዱ፣ መከላከያችሁን ታጣላችሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። ግን መጽሐፉን የሚያነበው ማን ነው? እኔማ አላነበብኩትም። ያነበብኩት ከጉዱ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሰምቼ ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ ከ1968 በኋላ የተሠራ የቤት መኪና ቢያንስ አንድ የውጭና አንድ የውስጥ መስታወት እንዲኖረው ያዛል። መስታወቱም ወደ ኋላ ቢያንስ 200 ጫማ፣ ማለትም 61 ሜትር ያህል ማሳየት አለበት። «አንድ የውጭ» ነው ያለው አይደል? በቃ! በግራ በኩል፣ በእኔ በኩል፣ ርካሽ የሆነች ክብ ስፖኪዮ ገዝቼ ማጠፊያው ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁ። ፖሊስ ቢያስቆመኝ መልስ አለኝ። የቀኙን ተውኩት። ማን ይጠይቀኛል?

ያቺ ቅዳሜ

ጠያቂ አልጠፋም። ታናሽ እህቴ ዲቪ ደርሷት ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። እናታችን ስትሸኛት ስልክ ደውላ «ልጄ፣ እሷን አደራ! ከአንተ ሌላ ማን አላት?» ብላኝ ነበር። እኔም «እማዬ፣ አታስቢ» አልኳት። አደራ መቀበል አፍ ላይ ቀላል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዋሽንግተንን ላሳያት ብዬ በሮቹን አወለቅኩ። እሷ መኪናውን ስታይ ሳቀች። «ወንድምዓለም፣ ይኼ ነገር ተሠርቶ ሳያልቅ ነው የሸጡልህ?» አለችኝ። ቀበቶዋን አሰረች፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቀለለች፣ ተነሣን። ንፋሱ ሲመታን፣ ሙዚቃው ሲንቆረቆር፣ ምን ልበላችሁ! ንጉሥ የሆንኩ መሰለኝ።

ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዋሽንግተን የሚወስደው 395 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ነን። መሐል መስመር ላይ ነበርኩና መውጫዬ ደረሰ። ፍሬቻ አሳየሁ። የውስጡን መስታወት ቀና ብዬ አየሁ። ራንግለር ትርፍ ጎማውን የሚሸከመው ከኋላ በሩ ላይ ስለሆነ፣ የወንበሩ ራስጌና የጣራው ብረትም ስላለ፣ በውስጡ መስታወት የሚታየው ግማሽ መንገድ ነው። ያ ግማሽ ባዶ ነበር። በቀኝ በኩል ስፖኪዮ የለም። አንገቴን አዙሬ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። መሪውን ወደ ቀኝ ሰበር አደረግኩ።

እህቴ ጮኸች።

ሞተር ብስክሌት ነበር። እጀታው ከእህቴ ጉልበት አንድ ስንዝር ያህል ርቆ አለፈ። ልብ በሉ፣ በእሷና በእሱ መካከል በር የለም! ጉልበቷ ነው ያለው። ሰውዬው እንደምንም ወደ ጠርዙ አምልጦ፣ ትንሽ ተወዛውዞ፣ ቀና አለ። አልወደቀም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልወደቀም። ዞር ብሎ አየኝ። አልሰደበኝም፣ ክላክስም አላደረገም። ዝም ብሎ አየኝና ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳር ይዤ ቆምኩ። እህቴ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ «ባንተ በኩል መስታወት አለ። በኔ በኩል ለምን የለም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ሕጉ አንድ ብቻ ነው የሚለው» ልበላት?

ጋሼ ምን አሉ?

ሰኞ ሥራ ስገባ ጋሼ የምንላቸው የሥራ ባልደረባችን ገና ሲያዩኝ «አንተ ልጅ፣ ፊትህ ምን ሆኗል?» አሉኝ። እሳቸው በወጣትነታቸው ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቁም።

«ስማ» አሉኝ፣ «እኔ ተሳቢ ስነዳ ከጎኔ ረዳት ነበረኝ። የቀኙ ስፖኪዮ ከተሰበረ ረዳቴ አንገቱን አውጥቶ ያይልኛል። ሥራው ነው፣ ደሞዝ ይበላበታል። አንተ እህትህን ሳትነግራት ረዳት አደረግሃት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ግዛ! ግን ርካሹን ሳይሆን የማይንቀጠቀጠውን ግዛ። ከኋላህ የሚመጣው መኪና መብራቱ ሁለት ሆኖ ካልታየህ፣ ስፖኪዮ አለኝ ብለህ አታውራ።»

ይቺ አነጋገራቸው መለኪያዬ ሆነች። ያንን ሰመር ጓደኞቼን እያስቸገርኩ፣ የአንዱን እየተዋስኩ፣ የሌላውን እየገዛሁ ሞከርኩ። ውጤቱን እነሆ።

አምስቱ መላዎች

1ኛ. ማጠፊያ ቀዳዳ ውስጥ የሚሰካው፦ በሩ ሲወልቅ ባዶ በሚቀረው የማጠፊያ ቀዳዳ ውስጥ ዘንጉ ይገባና ከሥር በዳዶ ይጠብቃል። ርካሽ ነው፣ በአምስት ደቂቃ ይገጠማል። እኔ መጀመሪያ የሰካሁት ይኼንኑ ነበር። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ያገለግላል። አውራ ጎዳና ላይ ግን ንፋሱ ያዞረዋል፣ ሞተሩ ያንቀጠቅጠዋል። የጋሼን ፈተና ወደቀ፦ ሁለቱ መብራት አንድ የተድቦለቦለ ብርሃን ሆነብኝ። በዚያ ላይ ልክ እንደገጠማችሁት ሌላውም በአምስት ደቂቃ ይፈታዋል። የአዲስ አበባ ልጅ ይኼን ማስረዳት አያስፈልገውም!

2ኛ. የፊት መስታወቱ ማጠፊያ ላይ የሚታሰረው፦ ራንግለር የፊት መስታወቱ ወደፊት የሚተኛ ስለሆነ ግራና ቀኝ ከሥሩ ማጠፊያ አለው። እዚያ ያለውን ቡሎን ፈትታችሁ የስፖኪዮውን ብረት ደርባችሁ መልሳችሁ ታስራላችሁ። የተያዘው በወፍራም ብረት ስለሆነ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። በሩ ቢኖርም ባይኖርም ከቦታው የማይነሣ ዓይነትም አለ። ስትገዙ ግን «በሩ ሲከፈት ይነካዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት ይኼንን ነው፣ ግራና ቀኝ።

3ኛ. የራሱን ስፖኪዮ ማዛወር፦ ከበሩ ላይ ያለውን ዋናውን ስፖኪዮ ፈትቶ ለዚሁ በተሠራ ብረት ላይ ማሰር ነው። መስታወቱ ትልቅ ነው፣ ዓይናችሁም ለምዶታል። በእጅ የሚስተካከል ስፖኪዮ ላላቸው የቆዩ ሞዴሎች ይኼ ጥሩ መላ ነው። በኤሌክትሪክ የሚዞርና የሚሞቅ ከሆነ ግን ሽቦው በበሩ ውስጥ ስለሚያልፍ ነገሩ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባሉት ራንግለሮች ደግሞ አንዳንዶቹ «ከጎንህ መኪና አለ» ብላ የምታስጠነቅቅ መብራት ስፖኪዮው ላይ አለቻቸው። ስፖኪዮው ከወለቀ ያቺ መብራትም አብራ ትሄዳለች። ማስጠንቀቂያዋን ለምዳችሁ ከሆነ ተጠንቀቁ!

4ኛ. የቱቦ በር፦ ሙሉ በሩን አውልቆ በምትኩ ከብረት ቱቦ የተሠራ ክፍት በር መግጠም ነው። ንፋሱም ይገባል፣ እግርም የሚገታው ነገር ያገኛል፣ ስፖኪዮም ይታሰርበታል። ቱቦ ላይ በማቀፊያ የሚታሰር ስፖኪዮ ስትገዙ የቱቦውን ውፍረት ለክታችሁ ሂዱ፤ ሰፊ ማቀፊያ ቀጭን ቱቦ ላይ ይሽከረከራል። ወጪው ከሁሉም ይበልጣል። ደግሞም የቱቦ በር የፋብሪካውን በር ያህል ይከላከላል ብላችሁ አትሸወዱ።

5ኛ. ካሜራና ሰፊ የውስጥ መስታወት፦ «ካሜራ እያለ ስፖኪዮ ምን ያደርጋል?» የሚል ወዳጅ አለኝ። ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ግን ያ ካሜራ የተሠራው ወደ ኋላ ስትሄዱ እንዲያሳያችሁ ነው፣ መስመር ስትቀይሩ አይደለም። ሰፊው የውስጥ መስታወትም ያው ትርፍ ጎማ ይጋርደዋል። ሁለቱም ረዳት ናቸው እንጂ ምትክ አይደሉም።

አንድ ነገር ልጨምር። ገና ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ሞዴል መልሶ ያመጣው ብሮንኮ ስፖኪዮው በሩ ላይ ሳይሆን ከፊት መስታወቱ ሥር፣ አካሉ ላይ ነው የተሰካው። በሩ ሲወልቅ ስፖኪዮው ይቀራል። የጂፕ ወዳጆች ይኼን ስጽፍ ቅር እንዳይላችሁ፤ እውነት እውነት ነው።

መስታወቱ ራሱስ?

ብዙ ሰው ብረቱን ያያል እንጂ መስታወቱን አያይም። ዝርግ መስታወት አለ፣ ጎበጥ ያለ መስታወት አለ። ዝርጉ የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ነው፣ ርቀቱ ግን ትክክል ነው። ጎበጥ ያለው ብዙ ቦታ ያሳያል፣ ግን ሁሉን ነገር ያሳንሰዋል፣ ያርቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና በሹፌሩ በኩል ዝርግ እንዲሆን የሚታዘዘው፣ በቀኙ ጎባጣ መስታወት ላይ ደግሞ «የምታየው ነገር ከሚመስልህ በላይ ቅርብ ነው» የሚል ጽሑፍ የሚቀረጸው ለዚህ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ ክብ ስፖኪዮዎች ብዙዎቹ ጎባጣ ናቸው፣ ጽሑፉም ላይኖራቸው ይችላል። የእኔም የግራዋ እንዲያ ነበረች። ከሩቅ ያለ የመሰለኝ ሁሉ አጠገቤ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሕጉ 200 ጫማ ወደ ኋላ ይታይ ይላል ብለናል። ከእናንተ በሰዓት 20 ማይል (32 ኪሎ ሜትር) የሚፈጥን ሞተር ብስክሌት ያንን 200 ጫማ የሚጨርሰው በ7 ሰከንድ ገደማ ነው። ጥሩ ስፖኪዮ የሚሰጣችሁ 7 ሰከንድ ነው። የሚንቀጠቀጠው ግማሹን ይበላዋል። የሌለው ደግሞ… ያቺን ቅዳሜ አስቡ!

ሕጉም ከግዛት ግዛት ይለያያል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ቢያንስ ሁለት መስታወት፣ ከሁለቱም አንዱ በግራ በኩል እንዲሆን ይጠይቃል። የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ አጣሩ። ግን ሕጉ የሚነግራችሁ ትንሹን ነው። የቀረውን የሚነግራችሁ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ነው።

ሲገጠምና ሲስተካከል

ከገጠማችሁ በኋላ እነዚህን አትርሱ፦

— ክንዱ አጭር የሆነ ስፖኪዮ ከረጅሙ ያነሰ ይንቀጠቀጣል።

— በብረቱና በአካሉ መካከል የላስቲክ ሮንዴላ አድርጉ። ቡሎኑ ላይ ሰማያዊውን የቡሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉ፤ ይይዛል፣ ሲያስፈልግ ግን በመፍቻ ይፈታል።

— መጀመሪያ ሠፈር ውስጥ በዝግታ ሞክሩት። ከዚያ አውራ ጎዳና ላይ። ስትመለሱ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁት።

— አስተካከሉ ላይ ደግሞ፣ ጆርጅ ፕላትዘር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረበው ዘዴ አለ። ለግራው፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ጭንቅላታችሁን የበሩ መስኮት ሊኖር ወደሚገባው ቦታ አዘንብላችሁ፣ የመኪናችሁ ጎን ጥቂት ብቻ እንዲታይ አድርጉ። ለቀኙ ወደ መኪናው መሐል አዘንብላችሁ እንዲሁ አድርጉ። ቀና ስትሉ የራሳችሁን መኪና አታዩም፤ የምታዩት ተደብቆ የነበረውን መስመር ነው።

— ይኼ ሁሉ ሆኖም አንገት የተፈጠረው ለመዞር ነው። አዙሩት!

እህቴስ?

ለሁለት ሳምንት ጂፑ ላይ አልወጣችም። ወደ ሥራ ስትሄድ በአውቶቡስ ነበር። አልወቀስኳትም። ሁለቱን ስፖኪዮ ካሰርኩ በኋላ ግን ራሷ ወጥታ በቀኙ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «እንግዲህ ልየው» አለች። እሷ እየነገረችኝ፣ እኔ እየገፋሁ አስተካከልነው። ያን ቀን ያወለቅኩት የኋላውን በሮች ብቻ ነው። የፊቶቹ ከነበሩበት አልተነቃነቁም። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 35 ማይል የተገደበው ስካይላይን መንገድ ድረስ ሄድን።

የፊቱን በሮች አሁንም አንዳንድ ጊዜ አወልቃለሁ፤ አልዋሻችሁም። ግን ብቻዬን ስሆን፣ በዝግታ መንገድ ላይ፣ ሁለቱም ስፖኪዮ ታስሮ ነው። እህቴ ዛሬ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። እናታችን ይኼን ታሪክ እስካሁን አታውቅም። ይኼ ጋዜጣ እጇ ከገባ ጉዴ ፈላ!

እናንተም አዲስ አበባ ላይ ስፖኪዮ የተነቀለበትን መኪና «ነገ እገጥመዋለሁ» እያላችሁ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ የቀኙን የናቃችሁ፣ ዛሬውኑ ግጠሙት። ከጎናችሁ ማን እንደሚቀመጥ አታውቁምና።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!